ኒቆዲሞስ፤ በሌሊት የመጣው፣ በቀን የተገለጠው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የምሥረታ በዓል ሲከበር ያለፈውን መቁጠር የተገባ ነው። በስደት ምድር የተተከሉ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ በብዙው ይመሳሰላል። ጥቂት ቤተሰቦች በአንድ ሰው ሳሎን ተሰብስበው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ ቀጥሎ በሰዓት በተከራዩት አዳራሽ መጋረጃ ዘርግተው ያስቀድሳሉ፤ ቅዳሴው እንዳበቃ ምንጣፉን ጠቅልለው፣ ከበሮውንና ጸናጽሉን በመኪና ጭነው ይመለሳሉ። ከብዙ ዓመታት ጸሎትና መዋጮ በኋላ ታቦተ ሕጉ በራሱ መንበር የሚያርፍበት ቤት ይገኛል። ይህን ሁሉ ላደረገ አምላክ ምስጋና ይገባዋል፤ ስለዚህ ቤት የደከሙትም፣ በሕይወት ያሉትም ያንቀላፉትም፣ በጸሎት ይታወሳሉ።

ነገር ግን የሕንፃው ዕድሜና የምእመኑ መንፈሳዊ ዕድሜ ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ የሚወቀሱት ክርስቲያኖች ትናንት ያመኑ አልነበሩም። ከቆዩበት ዘመን የተነሣ ሌሎችን ሊያስተምሩ ሲገባቸው፣ ጠንካራ ምግብ የማይችሉ፣ ገና ወተት የሚሹ ሕፃናት ሆነው ተገኙ። ዓመቱ አልፏል፤ ሰውየው ግን በነበረበት ቆሟል። ስለዚህ በበዓል ቀን ከሚቆጠረው ሁሉ ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ሊነሣ ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያድግ በውስጡ የቆመው ሰው አድጓልን? አድጎስ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ በየዓመቱ በልጆቿ ፊት የምታቆመው አንድ ሰው አለ። በቅዱስ ያሬድ የጾመ ድጓ ሥርዓት የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በስሙ ኒቆዲሞስ ተብሎ ይጠራል። ይህ እሑድ የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ትምህርት አለው። ከእርሱ በፊት ደብረ ዘይት ስለ ዳግም ምጽአት፣ ገብር ኄር ስለ ታማኙ አገልጋይ ታስተምራለች፤ ከእርሱ በኋላ ሆሳዕናና ሰሙነ ሕማማት ይከተላሉ። ምእመኑ ከ55ቱ ቀን ጾም አብዛኛውን ፈጽሞ፣ የታማኙን አገልጋይ ምስጋና ከሰማ በኋላ፣ በሳምንቱ የሚሰማው አንድ ሽማግሌ መምህር ሰው ዳግመኛ እንዴት ሊወለድ እንደሚችል ሲጠይቅ ነው። የጾመውም ያገለገለውም ሰው ገና መወለድ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የኒቆዲሞስ ስም በማቴዎስ፣ በማርቆስና በሉቃስ ወንጌል አይገኝም። የሚገኘው በዮሐንስ ወንጌል ብቻ ነው፤ እርሱም በሦስት ቦታ፣ በምዕራፍ 3፣ በምዕራፍ 7 እና በምዕራፍ 19። በሦስቱ ቦታዎች የተገለጠው ሰው አንድ ነው፤ ሁኔታው ግን አንድ አይደለም። አንድ ዐዋቂ ሰው፣ ሥልጣንና ዕውቀት ያለው፣ የሚያጣው ነገር የበዛ ሰው፣ በእግዚአብሔር ፊት ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚያድግ በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ይታያል። ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው፤ መንፈሳዊ ዕድገት በሌሊት የተሰማውን ቃል ዋጋ ወደሚያስከፍል የቀን ሥራ ማሻገር ነው፤ የመንገዱም መድረሻ የክርስቶስ ሥጋ ነው።

አንደኛው እርምጃ፤ ‹‹እንዴት?›› ብሎ መጠየቅ

ኒቆዲሞስ ፈሪሳዊ፣ የአይሁድ አለቃ፣ ጌታም ራሱ እንደ መሰከረለት የእስራኤል መምህር ነበረ። ፈሪሳውያን ሕግን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጾሙ፣ ከገቢያቸው ሁሉ ዐሥራት የሚያወጡ ወገኖች ነበሩ። ወደ ጌታችን በመጣ ጊዜ ንግግሩን የጀመረው በሚያውቀው ነገር ነው፤ ከእግዚአብሔር የመጣ መምህር መሆኑን እናውቃለን አለ። የጌታችን መልስ ግን ዕውቀቱን አልፎ ወደ ልደቱ ሄደ፤ ሰው ዳግመኛ ካልተወለደ የእግዚአብሔርን መንግሥት ሊያይ እንደማይችል ነገረው። በዚህ ጊዜ የእስራኤል መምህር የሚያውቀው አለቀበት። ‹‹እንዴት?›› ብሎ ጠየቀ፤ ከተመለሰለትም በኋላ ዳግመኛ ‹‹እንዴት?›› አለ። ሌላውን ሲያስተምር የኖረ ሰው ተማሪ ሆነ።

በሌሊት ስለ መምጣቱ መምህራን ከአንድ በላይ ምክንያት ይሰጣሉ። አይሁድን ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ፤ መምህር ሆኖ ሳለ ሲማር መታየትን አፍሮ ነው የሚሉም አሉ፤ የቀኑ ግርግር ጸጥ ሲል፣ ልብ ሲሰበሰብ ለመማር ሌሊት ስለሚመች ነው የሚሉም አሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን የትኛው፣ ጌታችን በመጣበት ሰዓት አልነቀፈውም፤ በቀን ተመለስም አላለውም። ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ፣ ሙሴ በምድረ በዳ ከሰቀለው እባብ ምሳሌነት ጋር ስለ ሰው ልጅ ከፍ ከፍ ማለት፣ እግዚአብሔር አብ ለዓለም ስላለው ፍቅር ያን ሁሉ ጥልቅ ምሥጢር ያስተማረው በሌሊት ለመጣ ለአንድ ሰው ነው።

ይህ በስደት ለሚኖር ክርስቲያን መጽናኛ ነው። በሆስፒታል፣ በመጋዘንና በታክሲ ሥራ ሌሊቱን ሲደክም አድሮ፣ ዐይኑን እንቅልፍ እየከበደው ወደ ኪዳን ጸሎት የሚመጣ ምእመን ጥቂት አይደለም። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት የምታገለግል እኅት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ቀን ላይኖራት ይችላል፤ ጸሎቷ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ ማዕተቧን በእጇ ይዛ በሹክሹክታ የምታደርሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን መንፈቀ ሌሊት ያደረገችው በከንቱ አይደለም። ሊቃውንት መንፈሳዊውን ጉዞ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና ብለው ከፍለው ዐሥር መዓርጋት ሲቈጥሩም የሚነሡት ከጽማዌ፣ ማለትም ከዝምታና ከአርምሞ ነው። በሌሊት የመጣውን የማይመልስ ጌታ በሌሊት የተደረገውንም ጸሎት አይንቅም።

ከሰዓቱ ይልቅ አስጨናቂው የጥያቄው መጥፋት ነው። በቤተ ክርስቲያን ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ከሚገጥሙት ፈተናዎች አንዱ ‹‹እንዴት?›› ማለትን መተው ነው። የበዓላቱን ቀን ያውቃል፤ መዝሙሩን በቃሉ ይዟል፤ በሰበካ ጉባኤው አገልግሏል፤ ለአዲስ መጪው ሥርዓቱን ያስረዳል። ለራሱ ግን፣ ለምን ይህ ቂም ከልቤ አልወጣም፣ ለምን ይህ ልማድ አሥር ዓመት ገዛኝ፣ እንዴት ልላቀቅ ብሎ የጠየቀበት ቀን ሩቅ ነው። ዐዋቂ ሰው በግልጥ ‹‹እንዴት?›› የሚልበት ቦታ በቤተ ክርስቲያን ተዘጋጅቶለታል፤ እርሱም ንስሐ ነው። እያንዳንዱ ምእመን የንስሐ አባት ሊኖረው የሚገባው ለዚህ ነው። በስደት ግን የንስሐ አባት ብዙ ጊዜ በስልክ ውስጥ የተመዘገበ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። በትንሣኤና በልደት ለእንኳን አደረሰዎ ይደወላል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ አገር ሁኔታ ይወራል፤ ኃጢአት ግን አይነሣም። ይህ መልካም ወዳጅነት ነው፤ ንስሐ ሊባል ግን አይችልም። ኒቆዲሞስ ወደ ጌታችን የሄደው ሰላምታ ለማቅረብ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ንግግሩ በኋላ ተመስግኖ በተመለሰ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ፤ ስለሌለ ሰው አንዲት ቃል

ኒቆዲሞስ ለሁለተኛ ጊዜ የሚታየው በዳስ በዓል ሰሞን ነው። ጌታችንን ይዘው እንዲያመጡ የተላኩት ሎሌዎች እንደ እርሱ የተናገረ ሰው የለም ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያንም ተቆጡ፤ ያመነውን ሕዝብ ሕግን የማያውቅ ርጉም ብለው ሰደቡት፤ ከአለቆችስ ያመነበት አለን ብለው በንቀት ጠየቁ። ከአለቆች አንዱ በመካከላቸው ተቀምጦ ነበር። ኒቆዲሞስ ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣ፤ ሕጋቸው አስቀድሞ ከራሱ ከሰውየው ሳይሰማ፣ የሚያደርገውንም ሳያውቅ በሰው ላይ ይፈርዳልን?

ይህ ቃል ሙሉ የእምነት ምስክርነት አይደለም። ኢየሱስ ክርስቶስ ነው አላለም፤ በሌሊት የተነጋገሩትንም አላወራም። በዚህ ምክንያት ፈሪ ነበር የሚለው ይኖራል። ነገር ግን ከሌሊቱ ጋር ሲነጻጸር ርቀቱ ይታያል። በዚያ የጠየቀው ለራሱ ነበረ፤ በዚህ የተናገረው በጉባኤው ስለሌለ፣ ራሱን ሊከላከል ስላልቻለ ሰው ነው። በዚያ ማንም አላየውም፤ በዚህ የሚያውቁት ባልንጀሮቹ ሁሉ ሰሙት። የተናገረውም በእጁ ባለው እውነት ነው፤ ዳኞች የሁለቱን ወገን ቃል እንዲሰሙና ፊት አይተው እንዳይፈርዱ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 1 ታዝዘዋልና። ሰው ሙሉው ብርሃን እስኪበራለት ድረስ የበራለትን ያህል መታዘዝ ይገባዋል።

የተሰጠው መልስ ስድብ ነበር፤ አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን? አሉት። ነገሩን መመለስ ሲያቅታቸው ወደ ትውልድ ስፍራ ዞሩ፤ ከገሊላ ነቢይ አይነሣም ብለውም ክርክሩን ዘጉ። ቁጣ ግን የሚያውቁትን መጽሐፍ እንኳ አስረስቷቸው ነበር፤ በነነዌ ጾም የሚታሰበው ነቢዩ ዮናስ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 14 እንደ ተጻፈው የጋትሔፈር ሰው ነበረ፤ ያችም ከተማ በገሊላ ምድር ነበረች።

ይህ ታሪክ በስደት ላለ አጥቢያ እንግዳ አይደለም። ብዙ አጥቢያዎች በአስተዳደር ክርክር ቈስለዋል፤ አንዳንዶቹም በአንድ ከተማ ውስጥ ለሁለት ተከፍለዋል። በአንድ ማዕድ የበሉ፣ የልጆቻቸውን ክርስትና የተነሡ ቤተሰቦች ሰላምታ ተነፋፍገው ዓመታት ያልፋሉ። የጠቡ መነሻ ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስለሌለ ሰው የተነገረ፣ ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ወሬ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በጸበል ጸዲቁ ዙሪያ ይጀመራል፤ ማታ በስልክ ቡድኖች ይባዛል፤ በሳምንቱ የተረጋገጠ እውነት ሆኖ ይመለሳል። በዚህ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ ‹‹እርሱ ራሱ ተጠይቋልን? እርሷ ምን አለች?›› ቢል፣ የሚገጥመው መልስ ኒቆዲሞስን የገጠመው ነው፤ ‹‹አንተም የእነርሱ ወገን ነህን?›› ይባላል፤ አገሩ፣ ሰፈሩ፣ ዘመዱ ይቈጠርበታል።

መንፈሳዊ ዕድገት ከሚለካባቸው ግልጥ ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ብዙ የሚጾም ሰው ሁለት ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው በጾም የደከመ አፉን ለሐሜት የሚከፍት፣ ሁለተኛው ስለሌለ ሰው ክፉ ሲነገር ልቡ የሚጨነቅ። ከሆድ የተከለከለው ምግብ ሁለቱን አይለያቸውም፤ አንደበታቸው ግን ይለያቸዋል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የሠራው ሥርዓት ግልጥ ነው፤ የበደለህን ወንድም ብቻውን አነጋግረው፤ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር፤ ያንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከጉባኤ የሚጀምር ሰው፣ ያነሣው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ገና ወተት የሚሻ ሕፃን ነው።

ሦስተኛው እርምጃ፤ በዕለተ ዓርብ

ሦስተኛው ጊዜ ዕለተ ዓርብ ነው። የአርማትያሱ ዮሴፍ ከጲላጦስ ዘንድ የጌታችንን ሥጋ ለመነ፤ ኒቆዲሞስም መቶ ነጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጣ። ይህ መጠን በዛሬ ሚዛን ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ይህን ያህል ሽቱ በልብስ ሥር ተሸሽጎ አይወሰድም፤ የሚያየው ሁሉ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ከሐዋርያት ከዮሐንስ በቀር ሌሎቹ በተሸሸጉበት ሰዓት፣ ቀድሞ በሌሊት የመጣው ሰው በቀን ተገለጠ።

የከፈለው የሽቱውን ዋጋ ብቻ አልነበረም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው፤ በምዕራፍ 9 ደግሞ በዚሁ ምክንያት ፋሲካን በቀኑ ሊያደርጉ ያልቻሉ ሰዎች ታሪክ ይገኛል። ኒቆዲሞስ ሕጉን ያውቃል፤ ሲያስተምረው የኖረ ነውና። በበዓሉ ዋዜማ የተገደለውን ሰው ሥጋ ሲገንዝ ከበዓሉ ማዕድ እንደሚለይ፣ ከባልንጀሮቹም ዘንድ ክብር እንደማይቀርለት ያውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ትቶ የጌታውን ሥጋ በእጁ ነካ። የምሳሌውን በግ ማዕድ አጣ፤ እውነተኛውን በግ አገኘ።

በዚያች ሰዓት በሌሊት የሰማው ቃል ተፈታለት ማለት ይቻላል። ሙሴ የሰቀለው እባብ ምሳሌ በተነገረበት ሌሊት ‹‹እንዴት?›› ብሎ ነበር፤ አሁን የሰው ልጅ በመስቀል ላይ ከፍ ከፍ ብሎ በዐይኑ አየው። የሰማው ቃል በልቡ ተቀብሮ ቆይቶ በጊዜው በቀለ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ሕዝቡ በኪዳንና በቅዳሴ ሦስት ጊዜ ‹ቅዱስ› እያለ የሚያደርሰውን ምስጋና ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ጌታን ከገነዙበት ሰዓት ጋር አያይዞ ያስተምራል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በምዕራፍ 3 ኒቆዲሞስ ሦስት ጊዜ ተናግሯል፤ በምዕራፍ 7 አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ በምዕራፍ 19 አንዲት ቃል እንኳ አልተጻፈለትም። እያደገ ሲሄድ ንግግሩ አነሰ፤ በእጁ የያዘው ግን ከበደ። ስለ እምነቱ ብዙ መናገር የሚችል፣ ነገር ግን በእጁ ምንም ያልያዘ ሰው ከዚህ ሽማግሌ ብዙ ይማራል።

ከጥምቀት እስከ ቁርባን ያለው ክፍተት

የኒቆዲሞስ መንገድ ከውኃና ከመንፈስ ልደት ትምህርት ተነሥቶ የክርስቶስን ሥጋ እስከ መቀበል ደረሰ። የኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ሕይወትም የተሠራው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ሕፃኑ ወዲያው ቅብዐ ሜሮን ይቀባል፤ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። በእናቱ ክንድ ታቅፎ የሚቈርብ ሕፃን በየእሑዱ ይታያል። ፀጉራቸው የሸበተ አባቶችና እናቶችም ይቈርባሉ። በሁለቱ መካከል ግን ረጅም ክፍተት አለ። ከጉርምስና እስከ እርጅና ባሉት ዓመታት፣ ሰው በሚሠራበት፣ በሚያገባበት፣ በሚወልድበት፣ በሚፈተንበት ዘመን ሁሉ፣ አብዛኛው ምእመን ቆሞ ያስቀድሳል፤ ሳይቀበልም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ብርታት አብዝቶ በሚያስፈልግበት ዘመን ከብርታቱ ምንጭ ይርቃል።

ብዙዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ‹‹አልበቃሁም›› የሚል ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ መልእክቱ ሳይገባው የሚቀበል ዕዳ እንዳለበት አስጠንቅቋል። ነገር ግን በዚያው ስፍራ ያዘዘው ሰው ራሱን መርምሮ እንዲቀበል ነው፤ መርምሮ ለዘወትር እንዲርቅ አላዘዘም። ‹‹አልበቃሁም›› የሚለው ቃል ወደ ንስሐ የሚወስድ ሲሆን ትሕትና ነው፤ ሃያ ዓመት በአንድ ስፍራ የሚያቆም ሲሆን ግን የመቆሚያ ሰበብ ይሆናል። የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀውን ያውቃል፤ ቀጠሮም አለው። ቀጠሮ የሌለው ጥበቃ መቅረት ነው።

ብዙውን ጊዜ ከቃሉ በስተጀርባ ስም ያለው ነገር አለ። አንዱ በማዘጋጃ ቤት ወረቀት ብቻ የተጋባ ነው፤ ሌላዋ ከእኅቷ ጋር በውርስ ተጣልታ ከተለያዩ ቈይተዋል፤ ሌላው ለካህን ሊናገረው የሚያሳፍረው ልማድ አለበት፤ ሌላው ደግሞ የሚፈራው ሰውን ነው፤ ‹‹ምን አግኝቶት ነው ዛሬ የቀረበው?›› እንዳይባል። እያንዳንዱ መንገድ አለው። በማዘጋጃ ቤት የተጋቡ ባልና ሚስት ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው፣ ንስሐ ገብተው፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በቁርባን ትዳራቸውን ሊያጸኑ ይችላሉ። የተጣላ ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ጌታችን አዝዟል። ያፈረ ሰው ለኒቆዲሞስ ሌሊት እንደ ተፈቀደለት፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ለብቻው የሚነጋገርበት ሰዓት ይፈቀድለታል፤ ስግደቱ፣ ጾሙና ምጽዋቱ የቁስሉ መድኃኒት እንዲሆን እንደ አቅሙ ቀኖና ይሰጠዋል። ሰውን የፈራ ደግሞ ኒቆዲሞስ ሽቱውን ተሸክሞ ያለፈው በሰው ሁሉ ፊት መሆኑን ያስብ።

ይህ በአንድ ሳምንት የሚፈጸም አይደለም። የዮሐንስ ወንጌል ቢያንስ ሦስት ፋሲካዎችን ይጠቅሳል፤ ኒቆዲሞስ በሌሊት የመጣው ከመጀመሪያው ጋር በተያያዘ ጊዜ ነው፤ ጌታን የገነዘው በመጨረሻው ዋዜማ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ እስከ ዓርብ ቢያንስ ሁለት ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ስለ እርሱ የተጻፈው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም ያልተለወጠ ይመስል ነበር። እግዚአብሔር ይታገሣል፤ ዕድገትም ጊዜ ይፈጃል። ነገር ግን ኒቆዲሞስ በሦስቱም ጊዜ የተገኘው በአንድ ቦታ አይደለም፤ ዘግይቷል እንጂ አልቆመም።

ይህን ክፍተት ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ልጆች ናቸው። በሰው አገር የተወለደ ልጅ አማርኛው ቢሰበር፣ ግእዙ ባይገባው፣ ዐይኑ ግን አይሳሳትም። ነጠላውን አጣፍቶ ሥጋ ወደሙን ሊቀበል ሲሄድ አባቱና እናቱ ከኋላ እንደ ቀሩ ያያል። ‹‹እናንተስ?›› ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ ወይም ሳይጠይቅ ቁርባን የሕፃናት ነገር ነው ብሎ ይደመድምና እርሱም በጊዜው ይተወዋል። አጥቢያዎች ልጆቻቸውን ስለማጣት አጥብቀው ይጨነቃሉ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያቋቁማሉ፤ የፊደል መምህር ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። የቋንቋው ክፍተት በመምህር ሊጠገን ይችላል፤ በሕይወት የታየው ክፍተት ግን በወላጆቹ ብቻ ነው የሚጠገነው።

አጥቢያው ለሚያድጉት

ዕድገት የግል ቢሆንም ሰው ብቻውን አያድግም። ኒቆዲሞስ በመጨረሻው ሰዓት ዮሴፍ ከጎኑ ነበረ፤ አንዱ ሥጋውን ለመነ፣ ሌላው ሽቱውን አመጣ፤ ብቻውን የሚያወርደው፣ ብቻውንም የሚገንዘው አልነበረም። አጥቢያም ለሚያድግ ሰው እንዲህ ያለ አጋር ሊሆነው ይገባል።

በሌሊት ለሚመጣው በሩን ይክፈት። የሥራ ሰዓቱ እንደ ሌላው ያልሆነ ምእመን ካህን የሚያገኝበትና ንስሐ የሚገባበት ጊዜ ይመደብለት። ስለሌለ ሰው ጥያቄ የሚያነሣው አይሰደብ፤ ጉባኤው ያልተጠየቀውን ሰው ጉዳይ ሳይሰማ እንዳይዘጋ ልማድ ያድርግ። ወደ ቅዱስ ቁርባን የሚወስደው መንገድ በስብከት ብቻ ሳይሆን በተግባር ይገለጥ፤ በቁርባን መጋባት የሚፈልጉ ባለ ትዳሮች ማንን እንደሚያነጋግሩ፣ ምን እንደሚጠበቅባቸው ይነገራቸው። ከረጅም ዘመን በኋላ የቀረበውን ሰው ምእመናን በመደነቅ አይዩት፤ በደስታ ይቀበሉት። የጠፋውን ልጅ ያገኘው አባት ድግሱን ያዘጋጀው ልጁ የት እንደ ነበረ ከመጠየቁ በፊት ነው።

አገልጋዮች ደግሞ ለራሳቸው ይጠንቀቁ። አገልግሎት ዕድገትን ሊሸፍን ይችላል። ሂሳብ የሚይዘው፣ ወጥ ቤት የምትደክመው፣ መዝሙር የሚመራው፣ ስብሰባ የሚያካሂደው፣ ሁሉም ለእግዚአብሔር ቤት ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም አይጠፋም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከገብር ኄር እሑድ በኋላ ኒቆዲሞስን ያስቀመጠችው ለታማኙ አገልጋይም ጭምር ነው።

የሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ሲደርስ የአጥቢያው ዕድሜ በአንድ ይጨምራል፤ ለዚያ የማንም ጥረት አያስፈልግም። ምእመኑ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ለንስሐ አባቱ አንድ እውነተኛ ‹‹እንዴት?›› ቢያቀርብ፣ ስለሌለ ሰው አንዲት የእውነት ቃል ቢናገር፣ ለረጅም ዘመን ከራቀው ቅዱስ ምሥጢር አንድ እርምጃ ቢቀርብ፣ ያ ዓመት በእግዚአብሔር ፊት ተቈጥሯል። በሌሊት ለመጣው ሽማግሌ በሩን ያልዘጋው አምላክ በስደት ያሉትን ልጆቹን ሁሉ በዕድሜ ሳይሆን በጸጋ ያሳድግ፤ የተለያዩትን ያስታርቅ፤ የራቁትን ወደ ማዕዱ ያቅርብ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከሁሉም ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።